ያቤሎን በየትኛው ፊደል እንፈልጋት?

አንድ የሥነ ሕይወት ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚሆን መጽሐፍ ፍለጋ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገባ እንበል። የጥናቱ ርዕስ በያቤሎና በሜጋ ዙሪያ ባለች ጠባብ ምድር እንጂ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኝ አንድ የቁራ ዘመድ ነው። ተማሪው በኮምፒውተሩ ማውጫ ላይ «ያቤሎ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል፣ በዋይ ጀምሮ ይጽፋል። ጥቂት የቅርብ ዓመታት ጽሑፎች ይወጡለታል። ወፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳይንሱ ዓለም ከተገለጸበት ዘመን ግን አንድም ሥራ አይመጣም። ቤተ መጻሕፍቱ የለውም ማለት ነውን? የግድ አይደለም። መጽሐፉ ከተማሪው ሃያ እርምጃ ርቆ፣ በጄ ፊደል ሥር ተመዝግቦ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1937 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤድዋርዶ ዛቫታሪ የተባለ ጣሊያናዊ የእንስሳት ተመራማሪ የሥነ ሕይወት ተልእኮ እየመራ ወደ ቦረና ምድር መጥቶ ነበር። ኤድጋርዶ ሞልቶኒ በ1938 ወፉን ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬሰማኒ ብሎ ሰየመው፤ የተልእኮው ዘገባዎችም ከ1939 ጀምሮ በሮም ታተሙ። ጣሊያኖች ያቤሎን የጻፏት በጄ ጀምረው፣ ከመካከልም ቢን በቪ ተክተው ነው። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ይህ ወፍ የሚኖረው ዙሪያውን ከከበበው ቆላ ይልቅ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ብቻ ነው። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ የወፉ ምድር ጠብቧል ወይስ አልጠበበም ብሎ ለመመለስ የድሮውን መዝገብ ከዛሬው ጋር ማስተያየት ግድ ይላል። የድሮው መዝገብ ደግሞ በጄ ሥር ነው።

ችግሩ የያቤሎ ብቻ አይደለም። የግራዚያኒ ጦር በጥር 1936 የያዛትን ነገሌን ጣሊያኖች ጂን ኤች አስከትለው፣ ኤልን ደግመው፣ መጨረሻዋን በአይ ዘግተው ጽፈዋታል። በቁቤ ኢ የሚለው ድምፅ ሁለት ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በዚያ ላይ የነገሌ ቦረናን መጽሐፍ ከነገሌ አርሲ መጽሐፍ ጋር ያደባለቀ ማውጫ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያም ሲያልፍ ስሙ ራሱ የተለወጠ ከተማ አለ፤ የቀድሞዋን ሀገረ ማርያም ዛሬ ቡሌ ሆራ እንላታለን፤ ክብረ መንግሥትም አዶላ ተብላ ትጠራለች።

እንዲህ ያለውን ጣጣ ከእኛ በፊት በሰፊው የተጋፈጡት የምሥራቅ እስያ ቋንቋዎችን መጻሕፍት የሚያስተዳድሩ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ1869 ከቻይና ንጉሠ ነገሥት 933 ጥራዞች በስጦታ ተቀበለ። መጻሕፍቱን መደርደር አንድ ነገር ነው፤ ቻይንኛ በማይጽፍ የማውጫ ሥርዓት መመዝገብ ግን ሌላ። ለብዙ ዘመን ዌድ ጃይልስ በሚባለው የአጻጻፍ ስልት እያንዳንዱን ርዕስ በላቲን ፊደል ሲጽፉ ኖሩ። ቻይና ራሷ ፒንዪን የተባለውን ስልት በ1958 አጸደቀች፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ወደ እርሱ የተሻገሩት ግን በጥቅምት 2000 ነው። በዚያ ሽግግር የቻይና ዋና ከተማ ስም ከፒ ፊደል ወደ ቢ ፊደል ሄደ። መዝገቦቹን የመለወጡ ሥራ በአመዛኙ ለኮምፒውተር ቢሰጥም፣ አጠራጣሪዎቹን ሰው አንድ በአንድ መመልከት ነበረበት።

ኮምፒውተር ለምን ብቻውን አይወጣውም? በቻይንኛ አንዱ ምልክት እንደ አገባቡ አንዴ «ሺንግ»፣ አንዴ «ሃንግ» ተብሎ ይነበባል። የእኛም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ያዘጋጀው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ሼክ በክሪ ሳጳሎ በ1950ዎቹ ለዚሁ ቋንቋ የራሱን ፊደል ፈጠረ። ከ1991 ወዲህ ደግሞ ቁቤ የትምህርትና የሥራ ጽሕፈት ሆነ። እንግዲህ በግዕዝ ፊደል «በዳ» ተብሎ የተጻፈ የኦሮምኛ ቃል ወደ ቁቤ ይለወጥ ቢባል፣ ዲው ከላላ «መጥፎ» ማለት ነው፤ ከጠበቀ «ደጋ» ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ለቆላና ለደጋ ጥናት የሚሆነውን መጽሐፍ «መጥፎ» በሚለው ቃል ሥር ለማስቀመጥ ኮምፒውተሩ ቅንጣት አያመነታም።

በአማርኛም ቢሆን ጤና የለንም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ለመጀመሪያው ድምፅ ሁለት ፊደላት አሉን፤ ለሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ማለትም ስድስት። ሁለት በስድስት ሲባዛ አሥራ ሁለት አጻጻፍ ይሆናል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ በመግባቱ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር አገኘ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱን ቁጥር ይጠቀም ስለነበር የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዩኒኮድ ይህን አቃለለ እንጂ ሐ እና ኀ በፍለጋ ጊዜ አንድ መሆናቸውን ለማሽኑ አልነገረውም። ያንን የሚነግረው ማውጫውን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ነው፤ መጽሐፉ ላይ የታተመውን አጻጻፍ ሳይነካ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተስተካከለ ቅጂ ከጎኑ ያኖራል።

የሰው ስም ከከተማ ስም ይብሳል። ቻይናውያን፣ ጃፓናውያንና ኮሪያውያን የቤተሰብ ስማቸውን ያስቀድማሉ፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን። የምዕራቡ ማውጫ ግን የመጨረሻውን ስም ወደ ፊት ማምጣት ለምዶበታል። ስለ ቦረና ገዳ ሥርዓት በ1973 ታዋቂ መጽሐፍ ያሳተሙት አስመሮም ለገሠ በብዙ የውጭ ጽሑፎች የሚጠቀሱት በአባታቸው ስም ነው።

ይህ ልማድ ወደ ቦረና ታሪክ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል እንመልከት። ጃልዴሳ ሊበን ከ1960 እስከ 1968 የቦረና አባ ገዳ ነበሩ። ሊበን ጃልዴሳ ደግሞ ከ2000 እስከ 2008 አባ ገዳ ነበሩ። የመጀመሪያውን ስም እንደ ውጭው ልማድ ገልብጦ የጻፈ፣ በመካከሉም ነጠላ ሰረዝ የረሳ መዝጋቢ አርባ ዓመት የሚራራቁ ሁለት መሪዎችን አንድ ሰው አደረጋቸው ማለት ነው። ቦረናዎች ዓመትን በአባ ገዳ ዘመን ስለሚቆጥሩ ስሕተቱ የስም ብቻ ሆኖ አይቀርም። «በጃልዴሳ ሊበን ዘመን የነበረው ድርቅ» የሚል የሽማግሌ ቃል የያዘ የካሴት ቅጂ በማውጫው ውስጥ ወደ 2000ዎቹ ተዛወረ ማለት ነው፤ የአየር ንብረት ተመራማሪውም በተሳሳተ ዐሥርት ውስጥ ድርቅ ሲፈልግ ይከርማል።

በዚህ ረገድ የምሥራቅ እስያ ክፍሎች ልምድ በቀጥታ የሚቀዳ ነው። ጃፓን ውስጥ የታተመ መጽሐፍ «ሾዋ 13» የሚል ዓመት ሊይዝ ይችላል፤ ይህም ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመነ መንግሥት የተቆጠረ ሲሆን 1938 ማለት ነው። በቻይና ሪፐብሊክ አቆጣጠር ያው ዓመት 27 ነው። መዝጋቢው በመጽሐፉ ላይ ያለውን እንዳለ ይጽፋል፤ አጠገቡም በቅንፍ የተመሳከረውን ዓመት ያኖራል። በእኛ አቆጣጠር 1930 ተብሎ የታተመ መጽሐፍ እንደ ወሩ 1937 ወይም 1938 ስለሚሆን ሁለቱንም መጻፍ ያሻል እንጂ አንዱን መርጦ መገመት አይገባም። የአባ ገዳ ዘመንም እንደዚሁ ስምንት ስምንት ዓመቱን ከያዘ ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል።

ለፊደሉም መፍትሔው ተመሳሳይ ነው። ማርክ በሚባለው የኮምፒውተር የመጻሕፍት አመዘጋገብ ቁጥር 880 የተሰጠው መስክ አለ፤ ርዕሱ በላቲን ፊደል ከተጻፈ በኋላ በዚህ መስክ በገዛ ፊደሉ ይደገማል፤ ሁለቱም በቁጥር ይተሳሰራሉ። ቻይንኛው በቻይንኛ፣ አማርኛውም በአማርኛ ይቀመጣል። ለቦታና ለሰው ስሞች ደግሞ የተለየ የስም መዝገብ ይዘጋጃል። በመዝገቡ አንዱ ስም ዋና ሆኖ ይመረጣል፤ የቀሩት ሁሉ ወደ እርሱ ይመራሉ። ፈላጊው በጄም ይምጣ በዋይ፣ በግዕዝም ይጻፍ በቁቤ፣ ከአንድ ቦታ ይደርሳል።

ያቤሎ የቦረና ዩኒቨርሲቲ፣ ቡሌ ሆራም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላቸው። የነገሌን፣ የአዶላን፣ የሞያሌንና የዶሎን የስም አጻጻፎች ሰብስቦ ለማመሳከር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቁቤም ግዕዝም የሚያነብ፣ የጣሊያን ካርታ ለማየት የማይሰለች፣ በአካባቢው ያደገ አንድ ተማሪ በአንድ ክረምት የመጀመሪያውን ዝርዝር ሊያዘጋጀው ይችላል።