ጓያ በድርቅ ዓመት

ዝናብ ሲጠፋ ጣና ይሸሻል። የፎገራና የደምቢያ ገበሬ ውሃውን እግር በእግር ይከተላል፤ የሚያርሰውን መሬትም «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ መርከብ እስኪያቆም ጎድሎ ነበር። ያኔ ጥፋቱ የድርቅ ብቻ አልነበረም፤ በጨረጨራ ግድብ በኩል ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃም ነበረበት።

ውሃው የሸሸበት ዋልካ አፈር ላይ ላዩን ተሰነጣጥቆ የሞተ ይመስላል። ክንዳችሁን ስንጥቁ ውስጥ እስከ ክርን ብትሰዱ ግን ጣታችሁ እርጥበት ያገኛል። ሌላው ሰብል ሲጠወልግ ጓያ በዚያች እርጥበት ያፈራል። በሰብል ባለሙያነቴ አደንቀዋለሁ፤ እፈራዋለሁም። ውሃ የተጠማ ጓያ ፍሬው ውስጥ ነርቭ የሚጎዳው መርዝ ይበረታል። ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ እግር ይሰበራል፣ ሽባ ይሆናል፤ የተሰበረው አይመለስም።

ብዙ ሰው «የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው» ይላል። አይደለም፣ የሚበላው ነው። እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው፣ ከሌላ እህል ጋር ተቦክቶ ከተጋገረ እንጀራ የበለጠ ያሰጋሉ።

ምክራችን «ዘፍዝፉት፣ ቀቅሉት፣ ውሃውን ድፉት» ነበር። አንዲት እናት ባዶ ጀሪካኗን አሳየችኝና «የሚደፋ ውሃ ቢኖረኝማ ጓያ እበላ ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምክሬን የምጀምረው ከቅልቅሉ ነው፦ በቆሎም ይሁን ዳጉሳ፣ ቤት ያለው እህል ከጓያው ይብዛበት።