ተረትና እውነታ፦ ግራሶ የጠገበ ኩሽኔታ ለምን ይቃጠላል?

በገበያ ቀን ማጀቴ ከተማ ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ቅንድቡ በዱቄት ሳይነጣ አይወጣም። እኔም ማሽላ ላስፈጭ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ ከዘንጉ ጫፍ የሚመጣ ሽታ ቀልቤን ሳበው፤ የተቃጠለ ግራሶ ሽታ ነው። ባለወፍጮው ሽማግሌ የግራሶ ፓምፓቸውን አንስተው ዘንጉ በኳሶች ላይ የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ ገጠሙና በጎን እስኪያንጠፈጥፍ ድረስ ሞሉት።

«ጋሼ፣ ግሏል እኮ» አልኳቸው።

«ስለራበው ነው ልጄ። ኩሽኔታ እንደ በሬ ነው፤ ካልጠገበ አይሠራም።»

ይህን አባባል ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ በየጋራዡና በየወፍጮ ቤቱ ሰምቼዋለሁ። ብዙ ኩሽኔታ የገደለውም እሱ ነው። ግራሶ ማለት ዘይትና ሳሙና መሰል ማያዣ ነው። ማያዣው ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቆይና በጥቂት በጥቂቱ ለኳሶቹ ይለቅላቸዋል። የኩሽኔታው ቤት ጢም ብሎ ከተሞላ ግን ኳሶቹ በየዙሩ ያን ሁሉ ግራሶ እያቦኩ መሄድ አለባቸው። ሊጥ በፍጥነት ያማሰለ ክንድ እንደሚደክመው ሁሉ የሞተሩ ጉልበት እዚያ ያልቃል፣ ጉልበቱም ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ዘይቱን ከማያዣው ይለየዋል፤ ዘይቱ ፈስሶ ሲያልቅ የቀረው ደረቅ ቅርፊት አያለሰልስም። ባለቤቱ ታዲያ ኩሽኔታው ሲግል «ራበው» ብሎ ይጨምርበታል፣ ይብስበታል። በተለመደ ፍጥነት ለሚዞር ኩሽኔታ በውስጡ ካለው ባዶ ቦታ ሲሶው፣ ቢበዛ ግማሹ ይበቃዋል። በጣም ቀስ ብሎ የሚዞር ብቻ ነው ሞልቶ ቢቀመጥ የማይጎዳው።

ሽማግሌው ቺንጋ ሊቀይሩ ወፍጮውን ሲያቆሙ ክዳኑን አብረን ከፈትነው። ከውስጥ የወጣውን ግራሶ በሁለት ጣቴ መካከል አሸት አሸት አደረግኩት። አሸዋ አሸዋ ይላል። ፓምፑ ወለል ላይ ተጋድሞ ነው የሚውለው፤ አፉ ላይ የተለጠፈው አቧራና ዱቄት በየቀኑ አብሮ ሲገባ ኖሯል። በኳሱና በሚሽከረከርበት ቀለበት መካከል ያለው የዘይት ስስ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮን ያንሳል፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ነው። በዓይን የማትታይ የአቧራ ቅንጣት እንኳ ያን ሽፋን በጥሳ ብረቱን ትፍቃለች። ፓምፑን ከመግጠም በፊት አፉን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ምንም ወጪ የለውም፤ ኩሽኔታ ግን ስንት እንደሚሸጥ ባለወፍጮ ያውቃል።

«ቀዩ ግራሶ ለሙቀት ነው፣ ቢጫው ለተራ ሥራ» የሚለውም ስሕተት ነው። ቀለሙ አምራቹ የጨመረው ማቅለሚያ ነው። መታየት ያለበት ጣሳው ላይ የተጻፈው የማያዣ ዓይነት ነው። የማይስማሙ ዓይነቶች ሲደባለቁ ግራሶው ቀጥኖ ሊፈስ ይችላልና አሮጌውን ጠርጎ ማውጣት ይሻላል።

ሮቢት አካባቢ የሽንኩርትና የማሾ ማሳ ከሚያጠጡ ሰዎች ደግሞ ሌላ እሰማለሁ፦ «የተቃጠለ ዘይት ለሰንሰለትና ለማጠፊያ ይበቃል።» ከሞተር የወጣ ዘይት የብረት ብናኝ፣ ጥላሸትና አሲድ ይዞ ነው የሚወጣው። ሰንሰለት ላይ ሲቀባ አቧራ ይስባል፣ ተደባልቆም መሞረጃ ይሆናል። ቆዳን ይጎዳል፣ በውስጡ ካሉት ነገሮችም አንዳንዶቹ ካንሰር አምጪ ናቸው። ወፍጮ ቤት ውስጥማ እህል አጠገብ ጨርሶ መድረስ የለበትም፤ መስኖ ቦይ ዳር ሲደፋ ሳይ ልቤ ይደማል።

ስለ ሞተር ዘይት ከሚነገረው ሁሉ ደግሞ «ቆላ ስለሆነ ወፍራም ዘይት ይሻላል» የሚለው ጠንቅ አለው። መንገዱን እናስበው። አንድ አይሱዙ ማለዳ ደብረ ብርሃን በብርድ ተነሥቶ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ይገባል። ሞተር ከሁሉ በላይ የሚበላው በተነሣበት ቅጽበት ነው፤ ሌሊቱን ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ብረት በብረት ላይ ተቀምጦ አድሯልና። ወፍራም ዘይት በደብረ ብርሃን ብርድ ብረቱ ጋ እስኪደርስ ይዘገያል። ከተነሣ በኋላ ግን ቴርሞስታት የሞተሩን ሙቀት ደጋም ቆላም ተቀራራቢ አድርጎ ይይዘዋል። ባለ 15ደብሊው-40 ዘይት ሲሞቅ ከተራው 40 ጋር እኩል ይወፍራል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ከእሱ ይልቅ ቶሎ ይፈስሳል። የሚሻለው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚያዘውን ቁጥር መከተል ነው።

ናፍታ ሞተር ውስጥ ዘይት ቶሎ ቢጠቁር አትደንግጡ። ጥላሸቱን አቅፎ ብረቱ ላይ እንዳይለጠፍ ማድረግ ሥራው ነው። የሚያስደነግጠው ወተት መስሎ ሲነጣ ነው፣ ውሃ ገብቶበታልና።

ከዘይቱ ወደ ብረቱ ስንመጣ ደግሞ፣ አንድ የማከብረው መካኒክ «የተበላ ማርሽ በብየዳ ሞልቶ ቶርኖ ቤት ካስላጩት ከአዲሱ ይጠነክራል» ብሎኝ ነበር። የካምቢዮ ማርሽ ጥንካሬው ግን ቆዳው ላይ ነው። ፋብሪካው ብረቱን 900 ዲግሪ ገደማ አግሎ ለሰዓታት ካርቦን ወደ ቆዳው ያሰርጋል፣ ከዚያ በፍጥነት ያቀዘቅዘዋል። የጠነከረው ቆዳ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ውስጡ ለስላሳ የሚሆነው ሲመታ እንዳይሰበር ነው። የብየዳው እሳት ያን ቆዳ ያበላሸዋል፣ በተራ ኤሌክትሮድ የተሞላውም ለስላሳ ነው። አግሎ ውሃ ውስጥ መንከርም ሁልጊዜ አያድንም፤ ካርቦን ያነሰው ብረት ቢነከርም እምብዛም አይጠነክርም። የወፍጮ ዘንግ ግን ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ወጥ ብረት ስለሆነ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ሲበላ ሞልቶ ማስላጨት ያዋጣል፤ ልኩ ከኩሽኔታው ቀዳዳ ጋር አንድም ሳይላላ እስከገጠመ ድረስ።

ሽማግሌው የወጣውን ግራሶ በካርቶን ጠርገው ጣሉ፣ ቤቱን በናፍታ አጥበው አደረቁ፣ ሲሶውን ብቻ ሞሉ። ወፍጮው ተነሥቶ የእኔ ማሽላ ካለቀ በኋላም እጃቸውን ኩሽኔታው ላይ አሳርፈው ቆሙ። አላነሡትም።