«ሞተሩ ሄዷል» ከመባላችሁ በፊት ፍሪጁን ስሙት

ፍሪጅ ሠሪ ተጠርቶ ሲመጣ ከኋላ ዞሮ ጎንበስ ይላል፣ በእጁ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ ሁላችንም የምንፈራትን ነገር ይናገራል፦ «ሞተሩ ሄዷል»። ሞተር የሚለው ኮምፕሬሰሩን ነው፤ ከፍሪጁ ዕቃ ሁሉ ውዱ እሱ ነው። እውነት ይሁን አይሁን እኛ በምን እናውቃለን?

ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስንማር ይሄ ነገር ስም እንዳለው ተነግሮናል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ የያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ፣ አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው ሳያውቅ ሲቀር ገበያው እንዴት እንደሚበላሽ አሳየ። በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱም እሱ ነው። እኛ ቤት መኪና የለም፣ ፍሪጅ ግን አለ። ደግነቱ ፍሪጅ በሽታውን በድምፅ ይናገራል፤ ድምፅ መቅጃውም ኪሳችን ውስጥ ነው።

የማያሳስቡትን ቶሎ እንለፋቸው። ውሃ የሚንዶቆዶቅ የሚመስለው በቱቦው ውስጥ ጋዙ ሲዘዋወር ነው። ሌሊት በድንገት «ቋ» የሚለው ፕላስቲኩ በቅዝቃዜ ሲኮማተርና መልሶ ሲላላ ነው። ለእነዚህ አምስት ሳንቲም አታውጡ። ከተንቀጠቀጠ በእጃችሁ ጫን በሉት፤ ድምፁ ከጠፋ ወይ እግሩ እኩል አልቆመም፣ ወይ ግድግዳ ነክቷል፣ ወይ አናቱ ላይ የተደረደረው ዕቃ ነው የሚንኳኳው። (የኛ ሰው ፍሪጅ ላይ የማያስቀምጠው ነገር የለም።)

አሁን ወደ ዋናው። «ጠቅ» ይላል፣ ለጥቂት ሰከንድ «እምም» ብሎ ያጉረመርማል፣ እንደገና «ጠቅ» ብሎ ዝም። ከደቂቃዎች በኋላ ያው ይደገማል፣ ፍሪጁ ግን አይቀዘቅዝም። ይሄ ሞተሩ ሊነሳ ሞክሮ ሲያቅተው፣ እንዳይቃጠል የሚጠብቀው መከላከያ ሲያቋርጠው የሚሰማ ነው። «ሞተሩ ሄዷል» የሚባለውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሚጣሩ ነገሮች አሉ። መብራት ሄዶ ወዲያው ከተመለሰ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልተመጣጠነም፤ ሞተሩ ያንን ተሸክሞ መነሳት አይችልም። ነቅላችሁ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት። ሁለተኛው የኃይል ማነስ ነው። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት መሆን ሲገባው፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ይወርዳል። አምፖሉ ከደበዘዘ ጥፋቱ የፍሪጁ ላይሆን ይችላል። ሦስተኛዋ ማስነሻዋ ናት፤ ሠሪዎች ሪሌይ ይሏታል። ሞተሩ ጎን የምትሰካ ትንሽ ዕቃ ስትሆን ዋጋዋ ከሞተሩ ጋር አይወዳደርም።

ግቢያችን ውስጥ እርጎ ሸጠው ልጆች የሚያሳድጉ እናት አሉ። ፍሪጃቸው እንዲህ ሲል ሞተር ይቀየር ተባሉ፤ ብሩን ከዕቁብ ሊያወጡ ተነሱ። «እማማ፣ አንድ ቀን ይስጡኝ» አልኳቸውና ሌሊት ድምፁን በስልኬ ቀዳሁት። አምፖሉ ደህና ነበር፤ ነቅለን ጠብቀን ብንሰካውም ለውጥ የለም። ቅጂውን በቴሌግራም ለሌላ ሠሪ ላክነው። መጀመሪያ የጠየቀው «ሪሌዩ ታይቷል?» ብሎ ነው። አልታየም ነበር። መጥቶ ቀየራት፣ ሞተሩም ተነሳ። የፊተኛው ሰውዬ ዋሽቷል አልልም። ብቻ ትንሿን ዕቃ እንዲፈትሽ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም፤ ጠያቂ ከሌለ ትልቁን መቀየር ይቀላል። እናንተም ቪዲዮ ቅዱ፣ ስንት ደቂቃ እየቆየ እንደሚደጋገም ጻፉ፣ ከዚያ ሠሪ ጥሩ። የሞተሩን ጎን ግን ራሳችሁ አትፍቱት፤ ኤሌክትሪክ ነው።

በረዶ የማይሠራው ዓይነት ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ «ጥርርር» የሚል ከሰማችሁ የፍሪዘሩን በር ክፈቱ። ድምፁ በሩ ሲከፈት ከቆመ፣ ምናልባት ውስጥ ያለው ማራገቢያ በረዶ እየመታ ነው። ባዶ አድርጋችሁ፣ ነቅላችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ አንድ ቀን ተዉት። በቢላ መፈቅፈቅ የለም! ቱቦው ከተበሳ ጋዙ ያመልጣል፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር 600ኤ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው።

እውነት ሞተሩ የደከመ እንደሆነስ? ሲቆም አንዴ «ዱብ» ማለቱ ምንም አይደለም። እየሠራ ሳለ ሳያቋርጥ ብረት ከብረት ሲጋጭ ከተሰማ ግን ያኔ ሠሪው ልክ ነው፤ ሒሳቡንም ከአዲስ ፍሪጅ ዋጋ ጋር አስተያዩት።

ያገለገለ ፍሪጅ የምትገዙ ካላችሁ፣ ሻጩን ከመድረሳችሁ ከሁለት ሰዓት በፊት እንዲነቅለው ለምኑት። ቀድሞ ሲሠራ የቆየ ፍሪጅ የመነሻ ድምፁን አያሰማችሁም። ራሳችሁ ሰክታችሁ ስሙት፣ ግማሽ ሰዓት ያህልም ቆዩ፤ ሻጩ ቡና ካፈላ ደግሞ እሰየው። በመኪና አጋድማችሁ ከወሰዳችሁት ቤት እንደገባ አትሰኩት፤ የሞተሩ ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ቆሞ ይደር።