ከምፅዋ እስከ ጎንደር ፒያሳ፦ ጦር የተከለው ገበያ

ጎንደር ወደብ የላትም። የፒያሳዋን ሕንፃዎች ታሪክ ወደ ኋላ የተከተለ ግን የሚደርሰው ምፅዋ ነው።

የኢጣሊያ ጦር በ1877 ዓ.ም. ምፅዋን ሲይዝ ወደቡን የፈለገው በቅድሚያ ስንቁንና ጥይቱን ለማራገፍ ነበር። ባቡሩ አሥመራ የገባው በ1904 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1927 የወረራው ዝግጅት ሲጧጧፍ ወደቡ በጭነት ተጨናንቆ ማስፋፊያው በጥድፊያ ተሠርቷል።

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ጦር ይህንኑ የአቅርቦት መስመር እየሳበ መጣ። ከተማዋ የአማራ ግዛት መቀመጫ በመሆኗ፣ በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ጉብታ ላይ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማውና የሹማምንቱ መኖሪያዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ተሠሩ። ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ የሚወጣው የአሥመራ መንገድም የተቆረጠው በዋናነት ለጦሩ ካሚዮን ነው። ከፋዩ የሮም በጀት፣ ሸማቹ ደመወዝተኛ ወታደር ነበር። እንዲህ ያለ ገበያ ቶሎ ይደምቃል፤ ዋጋ ተከራካሪ የለበትምና።

ድክመቱ የታየው በሩ ሲዘጋ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ምፅዋ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባች። ጎንደር የቀረው የጄኔራል ናሲ ሠራዊት ተከብቦ፣ ስንቁ እየመነመነ ቆይቶ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ።

ደመወዙ ከወታደሩ ጋር ሄደ። ሕንፃውና መንገዱ ግን ቀሩ፤ ነጋዴውም ያልከፈለበትን መንገድ ወረሰ። ይሁን እንጂ መንገዱ የሚያመራው ጦሩ ወደፈለገው ወደብ ነበርና፣ በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ምፅዋ ለጎንደር ተዘጋች። ከ2010ሩ ዕርቅ በኋላ በ2011 የተከፈተው የሑመራ-ኦምሐጀር ኬላም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘግቷል። የባሕር ማዶ ዕቃ አገሩን አቋርጦ ከጅቡቲ ይመጣል፤ የትራንስፖርቱን ሒሳብ የሚከፍለው ደግሞ ያው ሸማቹ ነው።

ዛሬ ጥያቄው የሚነሣው አዘዞ ላይ ነው። የጦር ሰፈርም፣ አውሮፕላን ማረፊያም፣ ወደ መተማ የሚወስደው መንገድም እዚያው ናቸው። በአካባቢው ሱቅ ወይም መጋዘን ለመሥራት ያሰበ ባለገንዘብ ኪራዩ ከምን እንደሚከፈል አስቀድሞ ሊለይ ይገባል፤ ከካምፑ ደመወዝ ነው ወይስ ከመንገዱ ጭነት? ደመወዙን አንድ የዝውውር ትእዛዝ ያነሣዋል። ጭነቱም ቢሆን ከስጋት ነፃ አይደለም፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ የመተማ መስመር ንግድ በተደጋጋሚ ተስተጓጉሏል።