ብቻውን የሚያነብ ሰው ምን ይጎድለዋል?

አንድ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሩ። ከእጃችሁ ወጥቶ ገና ሽቅብ እየሄደ ሳለ ምን ኃይል ያርፍበታል? የአየሩን ሰበቃ እንተወው። ጆን ክሌመንት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ለምህንድስና ተማሪዎች አቅርቦ ነበር። አብዛኞቹ «ሳንቲሙን ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል አለ» አሉ። የሚያሳስበው ደግሞ የሜካኒክስ ትምህርት ወስደው ከተጠየቁት መካከልም አብዛኞቹ ያንኑ መመለሳቸው ነው። በሳንቲሙ ላይ የሚያርፈው የመሬት ስበት ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ታች ይስበዋል። የእጃችን ግፊት ሳንቲሙን በለቀቅንበት ቅጽበት አብቅቷል።

እነዚያ ተማሪዎች የኒውተንን ሕጎች አንብበዋል፤ ቀመሩንም ያውቁታል። ሲያነቡ «ገብቶኛል» ብለው ገጹን እንደገለጡ መገመት አያዳግትም። ከባድ የሳይንስ መጽሐፍ ይዞ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ትልቁ አደጋ ይህ ነው። መምህር የሌለው አንባቢ የሚያስረዳው ሰው ያጣ ይመስለናል፤ ማስረዳቱን ግን ጥሩ መጽሐፍ ይሠራዋል። መጽሐፍ የማይችለው «እስቲ ለምን እንደሆነ ንገረኝ» ብሎ መልስ መጠበቅን ነው። ስለ ጥናት ከሚነገሩን የተሳሳቱ ምክሮች አብዛኞቹ ይህን ጠያቂ የሚያስረሱ ናቸው።

«ደጋግሞ ያነበበ ይገባዋል»

የዚህን ያህል የተስፋፋ ምክር የለም። አንድ ምዕራፍ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነበብ ዓረፍተ ነገሩ ይቀላል፣ ቃላቱ እንግዳ መሆናቸው ይቀራል፣ ልብም ይረጋጋል። ያ መረጋጋት ከመላመድ የሚመጣ ነው፤ ስለ መረዳታችን የሚነግረን ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለ ፀሐይና ስለ አንድ የባሕር እንስሳ የተጻፉ አጫጭር ጽሑፎች አስነበቡ። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሌላውን አንድ ጊዜ ብቻ አንብበው፣ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ሁሉ ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ሁለት ጊዜ የተነበበው በለጠ፤ 81 በመቶውን ሲያስታውሱ ከሌላው ያስታወሱት 75 በመቶ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሁለት ጊዜ ካነበቡት የቀረላቸው 42 በመቶ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ አንብበው ራሳቸውን ከፈተኑበት 56 በመቶ ቀረላቸው።

ስለዚህ አንድ ንዑስ ርዕስ ስትጨርሱ መጽሐፉን ዝጉ። ባዶ ወረቀት ላይ ዋናውን ሐሳብ ጻፉ፣ ሥዕሉን ሳሉ፣ ቀመሩ ከየት እንደመጣ አብራሩ። ከዚያ መጽሐፉን ገልጣችሁ ራሳችሁን በሌላ ቀለም አርሙ። ሥራው ያደክማል፤ ገጹን በቢጫ ሃይላይተር ማቅለም ይህን ያህል አያደክምም። ይሁን እንጂ ተመራማሪው ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 አሥር የአጠናን ዘዴዎችን ገምግመው ማስመርንና ደግሞ ማንበብን ጥቅማቸው ዝቅተኛ ከሆነው ወገን መደቡ። ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ ማካሄድ ከላይ ተቀመጡ።

መልሶ ማንበብ ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም። ወጣቱ ኒውተን የፈረንሳዊውን የሒሳብ ሊቅ የዴካርትን «ጂኦሜትሪ» የተባለ መጽሐፍ ያለ መምህር እንዴት እንዳጠና የእህቱን ልጅ ያገባው ጆን ኮንዱይት ጽፎልናል። ሁለት ሦስት ገጽ ሄዶ አልገባ ሲለው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ አሁን ትንሽ ራቅ ይላል፤ እንደገና ሲጠፋበት እንደገና ይመለሳል። መጽሐፉን የጨረሰው እንዲህ ነው። ኒውተን የሚመለሰው የጠፋበትን ቦታ ለይቶ በማወቁ ነው። ምዕራፉ አልቋል ብሎ ዳግም ከሚያነበው ሰው የሚለየው በዚህ ነው።

«ሳይንስ የሚገባው የተለየ ጭንቅላት ላለው ነው»

ይህ አባባል ያስቀራቸው ልጆች ብዛት ያሳዝነኛል፤ ሴቶች ልጆች ላይ ደግሞ ይከፋል። አሜሪካዊቷ ጆአን ፋይንማን በልጅነቷ የሴት አእምሮ ሳይንስን መረዳት እንደማይችል የሰማችው ከገዛ እናቷ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ሪቻርድ፣ ኋላ በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው፣ 14 ዓመት ሲሆናት የኮሌጅ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ሰጣት። እንዴት እንደምታነበው ስትጠይቀው የነገራት ከኒውተን ልማድ ጋር አንድ ነው፤ እስክትጠፊ አንብቢ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ እስኪገባሽ ቀጥዪ አላት። መጽሐፉ ውስጥ ከነበሩት ሥዕላዊ መግለጫዎች በአንደኛው ሥር የሲሲሊያ ፔን ስም ተጠቅሶ አገኘች። ፔን እ.ኤ.አ. በ1925 ከዋክብት በአብዛኛው ከሃይድሮጅን እንደተሠሩ ያሳየች ሴት ናት። ጆአንም አደገችና የፀሐይ ነፋስንና በምድር ዋልታዎች አካባቢ የሚታየውን የሰማይ ብርሃን በማጥናት ታዋቂ የጠፈር ፊዚክስ ሊቅ ሆነች።

በአንድ ገጽ ላይ ለሰዓታት መቆየት የስንፍና ምልክት አይደለም። ከባድ መጽሐፍ የሚነበበው እንዲህ ነው።

«ምሳሌውን ከተከተልኩ ጥያቄውን እሠራዋለሁ»

መጽሐፉ ውስጥ የተሠራ ምሳሌ እያንዳንዱ መስመር ትክክል መሆኑን አይቶ ማለፍ ቀላል ነው። ተመራማሪዋ ሚሼሊን ቺና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1989 የሜካኒክስ ምሳሌዎችን የሚያጠኑ ተማሪዎች የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርገው ነበር። በኋላ ጥያቄዎቹን በደንብ የሠሩት፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት ለራሳቸው ሲሰጡ የነበሩት ናቸው። እነሱው ደግሞ «ይህ አልገባኝም» የሚለውን ደጋግመው ያሉ ነበሩ። ደካማ ውጤት ያመጡት ብዙውን ጊዜ ገብቶናል ብለው አልፈዋል። ለእኔ ብቻውን ለሚያጠና ሰው ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም። የምሳሌውን መፍትሔ በወረቀት ሸፍናችሁ ቀጣዩን መስመር ራሳችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ግለጡት።

ቤተ ሙከራ ስለሌለን አንችልም የሚሉም አሉ። ማይክል ፋራዳይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። በ14 ዓመቱ ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ሊለምድ ገብቶ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት አነበበ፤ የጄን ማርሴትን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሲያነብም አቅሙ በፈቀደው ትናንሽ ሙከራ የተጻፈውን ይፈትን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1831 በማግኔት የኤሌክትሪክ ፍሰት ማመንጨት እንደሚቻል ያሳየው እሱ ነው። እናንተም አንድ ሜትር ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥሉና በትንሹ ወደ ጎን ስባችሁ ልቀቁት። አሥር ጊዜ ደርሶ ለመመለስ 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ድንጋዩን በእጥፍ በሚከብድ ብትተኩት፣ ክሩንም ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ብታሳጥሩት ምን ይሆናል? ግምታችሁን አስቀድማችሁ ጻፉ። ክብደቱ ጊዜውን አይለውጠውም፤ ክሩ ሲያጥር ግን ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ለምን እንደሆነ መጽሐፋችሁ ውስጥ አለ፤ አሁን ፈልጋችሁ ታነቡታላችሁ።

«እኔ የማየት ተማሪ ነኝ»፣ «እኔ የመስማት ነኝ» የሚባለውንም ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 መርምረው፣ ትምህርትን በዚህ መንገድ መከፋፈል ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። የዚያ የሚወዛወዝ ድንጋይ ሥዕል ለሁሉም ያስፈልጋል፤ ቃሉም ለሁሉም። ሌሊቱን ሙሉ መቸከልም አያዋጣም፤ አራት ሰዓት በአንድ ሌሊት ከማጥናት በአራት ቀን አንዳንድ ሰዓት ማጥናት ይሻላል።

በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ «እንግሊዝኛዬ ይጠንክርና እጀምራለሁ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ መጠበቁ ግን አያዋጣም። በእንግሊዝኛ አንብባችሁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ አስረዱ። ማስረዳት ያቃታችሁ በየትኛውም ቋንቋ ከሆነ የጎደለው ሐሳቡ ነው ማለት ነው፤ መዝገበ ቃላት አይፈታውም።

ቤታችሁ ውስጥ ብቻዋን የምታጠና ልጅ ወይም ታናሽ እህት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፊዚክስ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ማታ መጽሐፉን አዘግታችሁ «ዛሬ ያነበብሽውን ንገሪኝ፤ ለምን እንዲህ ይሆናል?» በሏት፤ አሥር ደቂቃም በትዕግሥት ስሟት። ስትደናቀፍ አትፍረዱባት። የተደናቀፈችበትን ቦታ ደብተሯ ላይ ትጻፈው፤ ነገ ጥናቷን የምትጀምረው ከዚያ ነው።