ያልታመመ ፍየል ደም ለምን ይመርመር?

ከሚኤሶ ቆላ ተነድቶ ጭሮ ገበያ የሚደርስ ፍየል ጤነኛ መሆኑን ገዢው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ይለያል። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተህዋስ ግን በዳሰሳ አይገኝም። እንስሳው እየበላና እየሰባ ተህዋሱ ጡንቻው ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል። ምስክሩ ደሙ ነው፤ ሰውነቱ ተህዋሱን ሲከላከል የሠራው ፀረ እንግዳ አካል በቀላሉ አይጠፋምና። በምዕራብ ሐረርጌ የእንስሳት ደም በመደበኛነት ይመርመር የምለው ለዚህ ነው።

ተህዋሱ በ1908 (እ.ኤ.አ.) ቱኒዝ ውስጥ የተገኘው ጉንዲ በምትባል የዱር አይጥ መሰል እንስሳ ላይ ነው። እንቁላሉን ከዓይነ ምድራቸው ጋር የሚጥሉት የድመት ዘሮች ብቻ ናቸው፣ የዱሮቹም ጭምር። ከዚያ ዝናብ አጥቦ ወደ ኩሬና ወደ ግጦሽ ይወስደዋል። ብሪታንያ ውስጥ ወደ ወንዝ የተመለሱ ቢቨር የሚባሉ እንስሳት የሚመረመሩት እንስሳቱ ራሳቸው ስለሚያሳስቡ ብቻ አይደለም፤ ውኃ ውስጥ የሚኖር አውሬ ደም ወንዙ ምን ይዞ እንደሚወርድ ይጠቁማል። ቆላ ላይ ይህን ሊነግረን የሚችለው ከኩሬ የሚጠጣው ግመልና ፍየል ነው። በፈንታሌ በተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ግመሎች ግማሽ ያህሉ ለተህዋሱ ተጋልጠው ተገኝተዋል።

«ተጋለጠ ማለት ታመመ ማለት አይደለም፤ ታዲያ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው የመጀመሪያው ሐረግ ላይ ልክ ነው። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተደርጎ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአምስቱ አራቱ ገደማ ፀረ እንግዳ አካሉ እንዳላቸው አሳይቷል፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ከእርግዝና በፊት ስለተጋለጡ ፅንሳቸው ብዙም አይሰጋም። አደጋው ያለው አምስተኛዋ ላይ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝና ወቅት የምትያዝ ሴት ፅንሷ ሊጨናገፍ ወይም ልጇ ዓይኑና አንጎሉ ተጎድቶ ሊወለድ ይችላል። በአካባቢዋ ያሉት ፍየሎች በብዛት መጋለጣቸው ከታወቀ ጤና ባለሙያው ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት እንድትተው ሲመክራት የሚጠቅሰው ማስረጃ ይኖረዋል። ሕዝቡ ደንግጦ ወተት ይተዋል የሚለው ስጋትም ከባድ አይደለም፤ ማፍላትና በደንብ ማብሰል ተህዋሱን ይገድላል።

ብዙ የሚያሳስበኝ ተቃውሞ ደም መውሰዱ የዱር እንስሳትን ሊጎዳ ይችላል የሚለው ነው። በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ በኩኒ ሙክታር ያለውን የደጋ አጋዘን፣ ቁጥሩ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ለደም ብሎ በማደንዘዣ መምታት አልደግፍም። በአቅራቢያው የሚሰማሩትን ፍየሎችና ሞተው የተገኙ አውሬዎችን መመርመር ይሻላል። የቤት እንስሳቱን ደም በዕርድ ጊዜ ወስዶ እዚያው ዞን ውስጥ ወዳለው የሂርና የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ በማቀዝቀዣ መላክ ይቻላል፤ ዕርዱ እንደሆነ በየዕለቱ አለ።