ለአውራሪስ ስለ ተሰጠው ድምፅ

ሕዝብ በእንደራሴዎቹ ላይ ባዘነ ጊዜ ሐዘኑን የሚገልጽበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ በምርጫ ቀን ከቤቱ ይውላል፤ አንዳንዱ ለማያውቀው አዲስ ሰው ድምፁን ይሰጣል፤ አንዳንዱም የምርጫውን ወረቀት ሆን ብሎ ያበላሻል። በብራዚል አገር ግን መምረጥ ለወደደ ብቻ የተተወ ነገር አይደለም። ከ1932 ዓመት ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሕግ ግዴታ ስለ ሆነ፣ ያዘነውም ሰው ሐዘኑን እንደ ያዘ ወደ ምርጫው ስፍራ ይሄዳል። ስለዚህ ቅሬታ በምርጫ ላይ ምን እንደሚሠራ ለመመርመር ይህ አገር መልካም ምሳሌ ነው።

በ1959 ዓመት የሳን ፓውሎ ከተማ ሕዝብ የማዘጋጃ ቤቱን ምክር አባሎች ሊመርጥ ሲሰናዳ እጅግ ተማርሮ ነበር። መንገዱ ጭቃ፣ የእድፍ ውሃው መውረጃ ክፍት፣ የምግቡም ዋጋ ውድ ስለ ነበረ ምሬቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚህ ጊዜ አንድ ጋዜጠኛ በቀልድ፣ ካካሬኮ የምትባለውን አውራሪስ ለወንበሩ አጫት። ካካሬኮ ከሪዮ ዴ ጃኔሮ በውሰት መጥታ በከተማው የአራዊት ማሳያ ስፍራ የነበረች እንስሳ ናት። ቀልዱ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም፤ ወደ 100,000 የሚሆን ሰው ስምዋን የያዘ ወረቀት በሣጥን ጨመረ። ከተወዳደሩት ሰዎች አንድ እንኳ ይህን ያህል ድምፅ ያገኘ አልተገኘም። ቈጣሪዎቹ ወረቀቶቹን ዋጋ የላቸውም ብለው ጣሉአቸው፤ ወንበሮቹም አንድ ሳይጐድል በሰዎች ተሞሉ።

በዚያ አገር ከግማሽ የሚበልጠው ድምፅ የተበላሸ እንደ ሆነ ምርጫው ሁሉ ይፈርሳል የሚል ወሬ ዛሬም ይነገራል። ወሬው ስሕተት ነው፤ የምርጫው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ደጋግሞ አስተባብሎታል። ወንበር ሲከፋፈል የሚቈጠረው ለሰው ወይም ለፓርቲ የተሰጠው ድምፅ ብቻ ነው።

መምህሩ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሒሳብ ቢያሳየው ይቀላል። 100 መራጮችና 10 ወንበሮች ቢኖሩ የአንዱ ወንበር ዋጋ 10 ድምፅ ነው። ከመቶው 40ዎቹ ተቈጥተው ወረቀታቸውን ቢያበላሹ የሚከፋፈለው 60 ብቻ ይሆናል፤ የአንዱም ወንበር ዋጋ ወደ 6 ይወርዳል። እንግዲህ በዝምድና ወይም በገንዘብ ስድስት ሰው ያሰናዳ ወገን፣ የጐደሉትን አራት ሰዎች መፈለግ ሳያስፈልገው ወንበሩን ይወስዳል። አርባዎቹ የረዱት የተቈጡበትን ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለማላገጥ ተሰጥቶ የሚቈጠር ድምፅ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። በ2010 ዓመት በሳን ፓውሎ ክፍለ አገር ቲሪሪካ የሚባል የሰርከስ ቀልደኛ ለአገሪቱ ምክር ቤት ተወዳደረ። የእንደራሴ ሥራ ምን እንደ ሆነ እንደማያውቅ፣ ከመረጡት ግን ዐውቆ እንደሚነግራቸው እያለ ሕዝቡን ያሥቅ ነበር፤ ከ1,300,000 በላይ ድምፅም አገኘ። በብራዚል ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ከ1985 ጀምሮ መምረጥ ቢፈቀድለትም መመረጥ አይችልም። ስለዚህ ከምርጫው በኋላ ፍርድ ቤቱ ቀልደኛውን እንደ ተማሪ አስቀምጦ አስጻፈው፤ አስነበበውም፤ እርሱም ፈተናውን አለፈ።

ዳሩ ግን ከፈተናው ይልቅ የሚያስገርመው የድምፁ አካሄድ ነው። በአገሩ ሕግ ድምፅ ለሰውየው ብቻ ሳይሆን ለፓርቲው፣ በዚያ ጊዜም አብረውት ለተባበሩት ፓርቲዎች ጭምር ይቈጠር ነበር። የቲሪሪካ ድምፅ ከአራት ወንበር ዋጋ ይበልጥ ስለ ነበረ፣ ትርፉ ጥቂት ድምፅ ያገኙ ሌሎች ሰዎችን ወደ ምክር ቤት አስገባ። በፖለቲካ ሰዎች ላይ ለመሣቅ የመረጠውም ሰው፣ ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸውን የፖለቲካ ሰዎች በወንበር አስቀመጠ። በ2015 የወጣ ሕግ ይህን ጥቂት አጥብቦታል፤ በፓርቲው ድምፅ የሚገባ ሰው ራሱ ቢያንስ የአንዱን ወንበር ዋጋ ዐሥረኛ እጅ እንዲያገኝ ያዛል።

ቲሪሪካ በ2014 ሁለተኛ ተመረጠ። በ2017 መጨረሻ በምክር ቤቱ መድረክ ቆሞ፣ በዚያ ባየው ነገር ማፈሩንና ፖለቲካን መተዉን ተናገረ። በ2018 ግን ተመልሶ ተወዳደረ፤ ተመረጠም፤ ያገኘው ድምፅ ግን ከ500,000 በታች ወርዶ ነበር።